ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፦ ይቃጠል ወይስ ሲሚንቶ ይደፋበት?

በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ይህን ክር (ጥያቄውንና ተከታታይ መልሶቹን) የከፈተው በአንድ የዞን ከተማ ሆስፒታል የመድኃኒት ስቶር ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። በስቶሩ ጥግ ለዓመታት የተከማቸ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አለበት፤ አብዛኛው ክኒን፣ ከዚያ ሽሮፕ፣ ጥቂት ካርቶን አምፑል (የመርፌ መድኃኒት ያለበት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ)፣ ከሥር ደግሞ የካንሰር መድኃኒት። ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ፋይናንስም ከመዝገብ እንዲሰረዝ ተስማምቷል። ከኮሚቴው አብላጫው ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ናፍጣ ተርከፍክፎበት ይቃጠል ባይ ነው። እሱ ግን በርሜል ውስጥ ከሲሚንቶ ጋር አስሮ ስለመቅበር አንድ ስልጠና ላይ ሰምቷል። ነገሩ የምር ይሠራ እንደሆነ፣ የሠራበት ሰው ካለም መጠኑን እንዲነግረው ጠየቀ። እስከ ጣሪያው የተደረደረ ካርቶን የሚያሳይ ፎቶም አያይዟል።

መልሱ ከሃያ አልፏል። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው በተራ እተርካለሁ፤ መሃል መሃል ላይ የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም። ሰዉ የተሟገተው ስለ እሳትና ስለ ሲሚንቶ ነው። በእኔ ግምት ግን የጥያቄው መልስ ያለው መልስ 6 ላይ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ሰው ሳያነበው ማለፉ።

መልስ 1 ሰላምታውን አስረዝሞ፣ ጠያቂውን ስለ ኃላፊነት ስሜቱ አመስግኖ፣ ብዙ ሳይጨነቅ እንዲያቃጥለው መከረ። እነሱ ጤና ጣቢያ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ እንደሆነና ጭሱም ከአንድ ቀን በላይ እንደማይቆይ ገለጸ።

መልስ 2 የጻፈችው የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናት፤ በትሕትና ጀምራ በትሕትና አረመችው። በጉድጓድ ውስጥ በናፍጣ የሚነደው እሳት ከላይ ሲታይ ቢያስፈራም መድኃኒቱን ለማውደም የሚበቃ ሙቀት እንደማይሰጥ አስረዳች። ለአብዛኛው መድኃኒት ሁለት ክፍል ያለው ኢንሲነሬተር (የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ) ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ቢያንስ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጭሱ በሁለተኛው ክፍል የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ቢያንስ 2 ሰከንድ መሆን አለበት። ለካንሰር መድኃኒት 850 አይበቃም፤ ከ1,200 በላይ ያሻዋል። ብሊስተሩ፣ ማለትም ክኒኑ አንድ በአንድ የታሸገበት ቅጠል፣ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ስለሚሠራ በደካማ እሳት ሲነድ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ዳዮክሲን ደግሞ እዚያው ሣርና ዶሮ ላይ አርፎ በእንቁላልና በወተት በኩል ወደ ሰው እንደሚመለስ ጨመረች። በመጨረሻ አምፑልና በግፊት የታሸገ ነገር፣ ለምሳሌ የአስም መንፊያ፣ እሳት ውስጥ ከተጣለ እንደሚፈነዳ አስጠነቀቀች። መልስ 3 ባለ ሁለት መስመር ናት፦ በእነሱ ሰፈር ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ግማሹ ያልነደደ ክኒን ሕፃናት እጅ ተገኝቷል። መልስ 1 ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

ጠያቂው የፈለገውን መጠን የሰጠው መልስ 4 ነው። ጸሐፊው ቀድሞ በመድኃኒት ቁጥጥር ሥራ ላይ የነበረ ይመስላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን መመሪያ በቃሉ ያውቀዋል። ሁለት መንገድ አለ አለን። አንደኛው በበርሜል ማሰር ነው፦ የጸዳ የብረት ወይም የፕላስቲክ በርሜል ሦስት አራተኛው ድረስ በክኒንና በቅባት ይሞላል፤ ከዚያ ኖራ፣ ሲሚንቶና ውሃ በክብደት 15 ለ15 ለ5 ተለውሶ ይደፋበታል፤ ክዳኑ ይታሸጋል፣ የብረት ከሆነም ቢበየድ ይመረጣል። ሁለተኛው መፍጨት ነው፦ ክኒኑ ከነብሊስተሩ አይገባም፣ ከማሸጊያው ወጥቶ ይደቅቃል፤ 65 እጅ መድኃኒት፣ 15 ኖራ፣ 15 ሲሚንቶና 5 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ሆኖ ይቦካል፤ ገና ሳይደርቅ ቆሻሻ ማስወገጃው ላይ ይፈስና እዚያው ድንጋይ ይሆናል። የመጀመሪያው በርሜል ይፈጃል፣ ሁለተኛው ጉልበት። ጸሐፊው አንድ ነገር ግን አጥብቆ አሳሰበ፤ ሲሚንቶ መድኃኒቱን አያጠፋውም። በሰው እጅ እንዳይገባና በዝናብ ታጥቦ ወደ ጉድጓድ ውሃ እንዳይወርድ ይዞ ያቆየዋል እንጂ ውስጡ ያለው መድኃኒት ያው መድኃኒት ነው።

መልስ 5 ላይ አንዲት የሆስፒታል ፋርማሲስት ይህንኑ ሞክረው የገጠማቸውን አወራች። ክኒኑም ሽሮፑም አንድ ላይ በርሜል ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶ ተደፋበት። በሳምንቱ ሲከፈት ጭቃ ነው። በሌላው ሳምንትም ጭቃ ነው። ሲሚንቶው የተበላሸ መስሏቸው ሌላ ከረጢት ጨመሩ፤ ለውጥ የለም። በኋላ ከበርሜሉ ሥር ጣፋጭ ፈሳሽ ማንጠባጠብ ጀመረና ዝንብ ወረረው። በሳቅ ነው የጻፈችው፤ እኔም ስቄያለሁ። ምክንያቱ የመጣው መልስ 7 ላይ ነው። የግንባታ መሐንዲስ ነኝ ያለ ሰው ወደ መልስ 5 ተመልሶ ጥፋቱ የሲሚንቶው ሳይሆን የስኳሩ መሆኑን አስረዳ፤ ጥቂት ስኳር ሲሚንቶን ያዘገየዋል፣ በዛ ካለ ጨርሶ እንዳይጠነክር ያደርገዋል። እነሱ ዘንድ ሙቀት በበዛበት አገር ኮንክሪት ቶሎ እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ የሚጨመሩ ኬሚካሎች መካከል ከስኳር ቤተሰብ የሆኑ እንዳሉም ጠቀሰ። በዚያው በመልስ 4 ያለው 5 እጅ ውሃ ብቻውን ሊጥ እንደማያደርገውና ባለሙያ ዓይቶ መጨመር እንደሚኖርበት ተናገረ። መልስ 4 ተመልሶ መመሪያው ራሱ ይህን እንደሚፈቅድ አረጋገጠ። እንዲህ ያለ መተራረም በመድረካችን ቢበዛ ደስ ባለኝ።

አሁን መልስ 6። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ፋርማሲስት ናቸው፤ ሰዉ ጋሼ ይላቸዋል። ጥያቄው ከመጀመሪያው ተንሻፎ የቀረበ መሆኑን አነሱ። ይቃጠል ወይስ ይታሰር የሚለው ለክምሩ ሁሉ አንድ መልስ የሚሻ ያስመስለዋል፤ ክምሩ ግን አንድ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ካርቶኑና ወረቀቱ ይውጣ፤ እሱ ቆሻሻ እንጂ አደገኛ ቆሻሻ አይደለም፣ ክምሩም በዚያው ብቻ ብዙ ይቀንሳል። ከዚያ መደርደሩ በመድኃኒቱ ስም በፊደል ተራ ሳይሆን በዓይነቱ ይሁን፦ ክኒንና ካፕሱል ለብቻ፣ ፈሳሽ ለብቻ፣ አምፑል ለብቻ፣ በግፊት የታሸገ ለብቻ። የካንሰር መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ቁጥጥር የሚደረግባቸው እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥግ ይሰጣቸው። ግሉኮስ፣ ኖርማል ሳላይንና ኦአርኤስ ጨውና ስኳር ናቸው፤ በብዙ ውሃ ቀጥኖ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ቢደፋ ማንንም አይጎዳም፣ በርሜልም አይፈጅም። አምፑል ጓንትና መነጽር ያደረገ ሰው በጠንካራ ወለል ላይ ሰብሮ ፈሳሹን ያቀጥነዋል፣ ስባሪው እንደ ስለታም ነገር ይያዛል። ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ተወካዮች ባሉበት እንጂ በአንድ ሰው እጅ አይወገድም። የካንሰሩ መድኃኒት ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ፤ የቻለ ወደ አምራቹ ወይም ወደ ከፍተኛ ሙቀት ኢንሲነሬተር ይላከው። ይህ ሁሉ ሲደረግ ለሲሚንቶ የሚቀረው ከፎቶው ላይ ከሚታየው ክምር እጅግ ያነሰ እንደሚሆን ገመቱ። ሲሚንቶ በዚህ ዘመን ስንት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመልስ 8 ጀምሮ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነጎደ። ከዋሽንግተን አካባቢ የሚጽፍ ወንድማችን በአሜሪካ የቤት መድኃኒት ወደ መሰብሰቢያ ሳጥን እንደሚወሰድ፣ ሳጥን ከሌለ ደግሞ ከቡና አተላ ወይም ከድመት አሸዋ ጋር ተለውሶ በላስቲክ ታስሮ እንዲጣል የመድኃኒት ባለሥልጣኑ እንደሚመክር ጻፈ። ምክንያቱም ልጅም ውሻም ሱሰኛም እንዳይፈልገው ነው። መልስ 9 የቡና አተላ ለዚህ ዓላማ ከሚውል ሦስተኛው ጀበና እንደሚሻል ቀለደ፤ ከዚያ ስለ በረካ ስስነት የተለጠፈውን አልቆጥረውም። መልስ 10 ቁጣ አለበት። የቤት ምክርና የሆስፒታል ክምር እንዳይምታታ አስጠነቀቀ። እዚያው አሜሪካ ውስጥ የጤና ተቋማት አደገኛ ተብሎ የተመደበ መድኃኒት ወደ ፍሳሽ እንዳይደፉ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በደንብ እንደተከለከሉ አስታውሶ፣ መልስ 6 ላይ በፈቀዱት መድፋት ላይም ቅር መሰኘቱን ገለጸ። ጋሼ በአጭሩ መለሱለት፤ የተናገሩት ስለ ግሉኮስና ስለ ጨው እንጂ ስለ አንቲባዮቲክ እንዳልሆነ፣ ሳያነቡ መቆጣትም ለጤና እንደማይበጅ። አንቲባዮቲክ ወንዝ ውስጥ ከገባ ተዋሲያኑን እንደሚያለማምዳቸው እሳቸውም አልዘነጉም።

ጠያቂው መሃል ላይ ብቅ ብሎ አመሰገነ። መልስ 6ን አትሞ ለኮሚቴው ማቅረቡን፣ ኮሚቴው ግን ለመለየት የሚሆን የሰው ኃይል የለም ማለቱን ነገረን። ይህ መልስ 11 ነው።

መልስ 12 ላይ ክሩ ጋለ። አንድ ስሙን የደበቀ ሰው ይህ ሁሉ ውይይት ሽፋን ነው የሚል መልእክት ለጠፈ። በእሱ እምነት ኤክስፓየር ያደረገ መድኃኒት ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ዕቃው ቀኑ ተፍቆ በጓሮ በር ይወጣል፤ ጠያቂውም ምናልባት ከእነዚያው አንዱ ነው። መልስ 13 ማስረጃ አምጣ አለው፣ ከዚያም ስለ ጸሐፊው አስተዳደግ መጻፍ የሌለበትን ጻፈ። መልስ 14 ሁለቱንም ሰደበ። አወያዩ ሁለት ልጥፍ ሰርዞ ገሠጸ። እኔ የምለው መልስ 12 ጠያቂውን መወንጀሉ ነውር ነው፤ ይሁንና ያነሳው ፍርሃት ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። መድኃኒት በበርሜል ከሚታሰርባቸው ምክንያቶች አንዱ ሌብነት ነው። የተቀበረ ካርቶን ይቆፈራል፤ ሲሚንቶ የጠጣ ክኒን ግን የትም ገበያ አይሸጥም። ከተወካዮች ፊት የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

ሰዉን ያበረዱት መልስ 15 ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ። ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ፀረ ተባይ ነው የጻፉት፤ እኔ ግን ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ለአንበጣና ለተምች ዘመቻ እየተባለ ለአሥርተ ዓመታት የገባ፣ ከፊሉ በእርዳታ የመጣ ኬሚካል በየወረዳው መጋዘን ውስጥ ዛገ፣ አፈሰሰ፣ መለያው ተላጠ። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሚመራ ፕሮጀክት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በእኛ አቆጣጠር ሥራው ተጀመረና 1,500 ቶን ገደማ ተለቅሞ፣ በአዲስ በርሜል ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ በከፍተኛ ሙቀት ነደደ። ለምን እዚህ በሲሚንቶ አልታሰረም ለሚል ሰው መልሳቸው ግልጽ ነው። እንደ ዲዲቲ ያለው ኬሚካል በቀላሉ የማይፈርስ ነው፣ ፈሳሽና ዘይታማ ሲሆን ደግሞ ሲሚንቶ በወጉ አይዘውም፤ ማሰር ለትውልድ ማሻገር ብቻ ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ አከሉ፦ በጣም ያስቸገራቸው ኬሚካሉ ሳይሆን ባዶው በርሜል ነበር። ገበሬው አጥቦ ውሃና ጠላ ሊያኖርበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በርሜሉ ተጨፍልቆ እስኪያልቅ ዓይን ሊነሳበት አይገባም። መልስ 16 ይህን አንብባ የሽሮፕ ጠርሙስና ጀሪካን ቁራሌው እየሰበሰበ ምናለሽ ተራ እንደሚያደርስ አስታወሰች። የመድኃኒት ማሸጊያም ሳይሰበርና ሳይቀደድ ከግቢ መውጣት እንደሌለበት ጠያቂውን አሳሰበች። ልክ ናት።

መልስ 17 ታዲያ ፊንላንድ ምን ወሰደን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለን አይደል የሚል ነበር። ክርክሩ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ መምጣቱም ተገቢ ነው። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው መልስ 18 ላይ ገባ። ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጓል) የሚሠራበት እቶን ጥሬውን እስከ 1,450 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ነበልባሉ ወደ 2,000 ይጠጋል፣ ጋዙም ውስጡ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በሙቀት ረገድ የትኛውም የሆስፒታል ኢንሲነሬተር አይወዳደረውም። ግን ሁለት ነገር ያዘዋል። አንደኛ መድኃኒቱ ከሚገባው ነዳጅ ከ5 በመቶ በላይ መሆን የለበትም፣ ስለዚህ በካርቶን ተወርውሮ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን ተመጥኖ የሚመገብ ነው። ሁለተኛ ብሊስተሩ ውስጥ ያለው ክሎሪን በማሞቂያ ማማው ግድግዳ ላይ እየጋገረ መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ እቶን በቆመ ቁጥር የሚደርሰውን ኪሣራ አስቦ የትኛው ሥራ አስኪያጅ ይፈርማል? መልስ 17 እንግዲያው ከብሊስተሩ ይውጣ አለ፤ በዚህም ሳያውቀው ወደ ጋሼ መልስ 6 ተመለሰ።

ከሪያድ የምትጽፍ ነርስ መልስ 19 ላይ እዚያ በቀለም በተለየ ከረጢት ተደርጎ ኮንትራክተር እንደሚወስደው ነግራን አለፈች። ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ ኮንትራክተሩ ራሱ ጋሪ ያለው ሰው ነው።

መልስ 20 ለሁላችንም ተግሣጽ ነበር። በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኞች ተቆጣጣሪ የሆነች እህት እስከዚያ ድረስ ከጻፈው ሰው ሁሉ አንድም ስለሚያቦካው እጅ ያነሳ አለመኖሩን ተናገረች። ፋርማሲስቱ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ አካፋውን የሚይዘው የጽዳት ሠራተኛ ነው። የኖራና የሲሚንቶ ሊጥ እርጥብ ቆዳን ይበላል፤ ክኒን ሲፈጭ የሚነሳው ዱቄት በአፍንጫ ይገባል፤ ይህ ዱቄት ሆርሞን ወይም የካንሰር መድኃኒት ከሆነ ምን እንደሚያደርግ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ የነገራት የለም። የቀዶ ጥገና ማስክ ለዚህ አይሆንም፤ ረጅም ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የዓይን መነጽርና አቧራ የሚይዝ ማስክ ተገዝቶ ካልቀረበ አንዲት ሠራተኛ አካፋ እንዳታነሳ አሳሰበች። ቃሏ መረር ያለ ነበር። የመለሰላት አልነበረም፤ መልስ 4 ብቻ የካንሰር መድኃኒት ጭራሹኑ እንደማይፈጭ፣ ማቃጠያ ከታጣ በርሜሉ እስከ ግማሹ ብቻ ተሞልቶ ከላይ በሊጡ እንደሚዘጋና ከ7 እስከ 28 ቀን እስኪጠነክር እንደሚተው ጨመረ።

የት ይቀበር የሚለው መልስ 21 ላይ ተነሳ። በርሜሉ በማስወገጃው ታችኛ ክፍል ተቀምጦ ወዲያው በሌላ ቆሻሻ መሸፈን አለበት፤ ከሥሩ ሸክላ አፈር ወይም ላስቲክ የተነጠፈበት ቢሆን ይመረጣል። ሆኖም ቆሻሻ ሲገለበጥ ጠብቀው የሚለቅሙ ሰዎች ባሉበት ቦታ ይህ ቀላል አይደለም። ጸሐፊው ቆሼን ጠቀሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የፈጀበትን ስፍራ። ሰው በሚኖርበትና በሚለቅምበት ክምር ውስጥ ልቅ መድኃኒት መጣል ወንጀል እንደሆነ ጻፈ። አያይዞም ስለ አደገኛ ቆሻሻ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1090/2010ን ኮሚቴው ከቃለ ጉባኤው በፊት እንዲያነበው መከረ።

ከዚያ ክምሩ ከየት መጣ የሚለው ተነሳ፤ መነሳቱ ግድ ነበር። መልስ 22 አሥመራ ያደገ ሰው ነው። በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ከተላከው እርዳታ መካከል ሰባት የጭነት መኪና ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን እንደነበረና አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር እንደፈጀ አስታወሰ። ጊዜው ያለፈበት የአሚኖ አሲድ ፈሳሽ ደግሞ 30,000 ጠርሙስ ነበር፤ ከሽታው የተነሳ ሰው ባለበት አቅራቢያ ማስወገድ አልተቻለም። መልስ 23 የቦስኒያን ጨመረች፦ እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ 17,000 ቶን የማይረባ መድኃኒት እዚያ ተከማችቶ ነበር፤ ለጋሹ በአገሩ ለማስወገድ ይከፍል የነበረውን ገንዘብ ተቀባዩ ላይ ጣለው። አንዱ ይህ በለጋሽ ላይ ማመካኘት ነው፣ የእኛ ክምር ትልቁ ምክንያት የግዢ ግምት ስህተትና መጀመሪያ የሚያልቀውን መጀመሪያ አለማውጣት ነው ብሎ ተቃወመ። ሌላው ደግሞ ሁለቱም ነው ባይ። እኔ ከተቃዋሚው ጋር ነኝ፤ ቢን ካርዱ (የስቶሩ የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) በወጉ ቢሞላ ኖሮ ፎቶው ላይ ካለው ካርቶን ግማሹ እዚያ አይደርስም ነበር።

የመልስ 5ዋ ፋርማሲስት በመጨረሻ ተመልሳ ሦስት ወር ብቻ የቀረው እርዳታ መጥቶላቸው በደብዳቤ እንደመለሰችው ጻፈች። የመድኃኒት እርዳታ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቀረው ይገባል የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጠቅሳ ነው የመለሰችው። አለቃዋ ነፃ ዕቃ እንዴት ይመለሳል ብለው ተቆጥተዋት ነበር፤ በርሜልና ሲሚንቶ ምን ያህል እንደሚፈጅ አስልታ ስታሳያቸው ግን ራሳቸው ፈረሙ። ብዙ ሰው ደብዳቤውን ጠየቃት። የሆስፒታሉን ስም አጥፍታ ለጥፋዋለች፤ መልስ 26 ላይ አለ።